አባቴ መኪና ያጥብበት የነበረ ወንዝ

እሁድ ማለዳ አባቴ መኪናውን ከግቢ ሲያወጣ እኔ ገና ከእንቅልፌ በደንብ አልነቃሁም ነበር። ከሾፌሩ ወንበር ጎን፣ የሞተሩ ሙቀት ከእግሬ ሥር በሚመጣበት ቦታ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከደን ገለጥ እያደረግሁ ቡታጅራን አቋርጣለሁ። ሱቆቹ አልተከፈቱም። ባጃጆቹ ሸራቸውን ለብሰው በየአጥሩ ሥር ቆመዋል። ከመስጊድ የሚመለሱ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች አባቴን ሲያዩ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እሱም የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ጡሩምባውን በጣም ቀስ አድርጎ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ዓይኔን እከድናለሁ። እንደገና ስገልጠው ወንዙ ፊት ለፊቴ ነው።

አባቴ የቅጥቅጥ ሾፌር ነበር። ቅጥቅጥ የምንለው የጭነት መኪና አካል ላይ ወንበርና ጣሪያ ተሠርቶለት ሰው የሚጭነውን አነስተኛ አውቶቡስ ነው። መኪናው አዲስ አበባ የሚኖር የአንድ ነጋዴ ዘመዳችን ቢሆንም አባቴ «መኪናዬ» ነበር የሚለው፤ እኛም «መኪናችን»። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በቡኢ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሲመለስ እኛ ተኝተናል። በሳምንቱ ውስጥ አባቴን የማውቀው በድምፁ ነበር፤ በሩ ሲከፈት፣ ውሃ ሲጎነጭ፣ ጫማው ሲወልቅ። እሁድ ግን ረዳቱ ያርፋል። ያን ቀን ረዳቱ እኔ ነኝ።

ከድልድዩ ዝቅ ብሎ የወንዙ ዳር ለጥ ያለ ጠጠር ስለሆነ መኪና እስከ ጎማው እኩሌታ ውሃ ውስጥ መግባት ይችላል። የከተማው ሾፌሮች ሁሉ የሚያጥቡት እዚያ ነበር። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልልና በባልዲ ውሃ እየቀዳ ጣሪያው ላይ ይደፋል። እኔ መብራቶቹንና የወለሉን ምንጣፎች እይዛለሁ። የዱቄት ሳሙናው አረፋ እጄን አልብሶት ሲወጣ ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ ይመስለኛል። አባቴ ሥራ ላይ ሲሆን መንዙማ ያንጎራጉራል። ስንኙን ሳይጨርስ መሃል ላይ ያቆምና «እዚያች ጋ ቀርቷል» ይለኛል፤ እኔ እዚያችን ስፈትግ እሱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከመኪናው ሆድ ሥር ደግሞ ቀለም ይወጣ ነበር። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅማ፤ ክብ ክብ እየሠራ፣ እየሰፋ፣ እየተቀደደ ወደ ታች ይሄዳል። ፀሐይ ሲያገኘው ዓይን ይወስዳል። ወንዙ ራሱ እሁድ እሁድ የሚያወጣው ቀለም ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በመዳፌ ልይዘው ጎንበስ ስል አባቴ «ተዪው፣ ልብስ ያበላሻል» አለኝ። ተውኩትና ሲሄድ አየሁት። እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተልኩት በዓይኔ። ከመታጠፊያው ወዲያ ወንዙ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት የሚሌኒየሙ በዓል በተከበረበት ሰሞን ነው። ያኔ ትምህርቱ የሚመጣው በፕላዝማ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ይጠይቃል፣ መልሳችንን ሳይሰማ ያመሰግነናል፤ መምህሩ ጠመኔ ይዞ ጥግ ይቆማል። የባዮሎጂ መምህራችን ከወልቂጤ በኩል የመጣ፣ የመጀመሪያ ዓመቱን የሚያስተምር ወጣት ነበር። ፕላዝማው ሲናገር የእሱም ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ ነገር ሊጨምርበት እየፈለገ ጊዜ ያጣ ይመስላል።

አንድ ቀን ትምህርቱ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረና ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ በዚያ ጥቁር መስታወት ውስጥ ታየን፤ እንደ ድሮ ፎቶ ደብዝዘን፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ። መምህራችን ወደ መስታወቱ አየ፤ ከዚያ ወደ እኛ።

«ኑ፣ እንሂድ» አለ።

«ወዴት ቲቸር?»

«ወንዝ።»

ከመምህራን ማረፊያው ነጭ የሻይ ትሪ ይዞ ወጣ። ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ በእንሰት ጓሮዎች መሃል በሚያልፍበት ቦታ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። አንድ ድንጋይ ከሥሩ ቀስ ብሎ አነሳና ገልብጦ ትሪው ውስጥ አለቀለቀው። ዙሪያውን ከብበን ቆምን። በትሪው ውስጥ አሸዋና ቅጠል ብቻ ነበር።

«ምንም የለውም እኮ» አለ አንዱ ተማሪ።

«ጠብቁ።»

ጠበቅን። ውሃው ረጋ። አሸዋው ወደ ታች ወረደ። ከዚያ አሸዋ የመሰለኝ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጠፍጣፋ ናት፤ ስድስት እግር አላት፤ ከኋላዋ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ጭራዎች ተዘርግተዋል። በጎኖቿ ላይ ላባ የመሰሉ ነገሮች አሉ፤ እነዚያ ላባዎች ይርገበገባሉ፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ይርገበገባሉ። መምህራችን «እየተነፈሰች ነው» ሲል የእኛም ትንፋሽ ቆመ።

ስሟን ጠየቅነው። የእንግሊዝኛውን ነገረንና በአማርኛ ምን እንደምትባል እንደማያውቅ ተናገረ። «እናንተ አውጡላት» አለን። ሦስት ጭራ አልናት። ከአሸዋ ቅንጣት ትንሽ ቱቦ ሠርታ ውስጧ የምትኖረውን ቤት ሠሪ አልናት። በሌላ ቀን ደግሞ ከታች ካለው ጭቃ ውስጥ የሚጠማዘዘውን ቀይ ነገር አገኘንና ቀይ ትል ብለን ተውነው፤ ለእሱ ስም ለማውጣት የደከመ አልነበረም።

ክበቡ የተቋቋመው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወንዙን በሦስት ቦታ እናየው ነበር፤ ከከተማው በላይ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ እና ከከተማው በታች ወደ እንሴኖ በኩል የበርበሬ ማሳ ያለበት ቦታ ላይ። ውሃውን በባዶ ሃይላንድ ቀድተን ወደ ብርሃን አንስተን እናያለን፤ እናሸታለን፤ ድንጋይ ገልብጠን ትሪ ውስጥ እናለቀልቃለን። መምህራችን ያስተማረን ነገር ከባድ አልነበረም። ሦስት ጭራ ንጹህ ውሃ ካላገኘች አትኖርም፤ ቀይ ትል የትም ይኖራል። ማን እንደሚኖርበት ካያችሁ ውሃው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ይለን ነበር። እኔ ደግሞ በእነዚያ ቀናት እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከዓይኔ ሥር የሚርገበገቡ ላባዎች አይ ነበር። አልጋዬ ድንጋይ ሥር ያለ ይመስለኛል፤ በላዬ ውሃው ሲያልፍ ይሰማኛል።

የበርበሬው ማሳ ጋ መጀመሪያ በሄድን ጊዜ አንዲት ትልቅ ሴት ከመደቦቻቸው መሃል ቀና ብለው አዩን። ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ዳር መጡ። ውሃ ውስጥ ጎንብሰን ድንጋይ ስንገለብጥ ግራ ገብቷቸዋል።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

ከጎኔ የነበረችው ጓደኛዬ መለሰችላቸው። የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ምላሷ ፈጣን ልጅ። «ነፍሳት እየፈለግን ነው፣ እማማ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የማን ነፍስ ነው ወንዝ ውስጥ የጠፋው? ያ ረቢ! ሰው ሰምጦ ነው?»

ሳቃችን መጣ። ጓደኛዬ ውሃ ውስጥ ልትቀመጥ ምንም አልቀራትም። መምህራችን ይቅርታ እየጠየቀ የምንፈልገው ትንንሽ የውሃ እንስሳትን መሆኑን አስረዳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ውሃው አዩ።

«ድሮ እኔም ልብስ ሳጥብ በእግሬ ላይ ሲሄዱ አያቸው ነበር። አሁን የሉም» አሉ። «ይህ ውሃ እሁድ እሁድ ይታመማል። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ጥጃዬ አፍንጫዋን አስጠግታ ትመለሳለች። ችግኙንም አላጠጣበትም፤ ቅጠሉ ላይ ቅባት ይተውበታል። ሰኞ ከሰዓት ትንሽ ይሻለዋል።»

መምህራችን «እሁድ ምን አለ?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ከላይ ነው የሚመጣው።»

እኔ ትሪውን ይዤ ቆሜ ነበር። ትሪው ውስጥ ቀይ ትሎች ብቻ ነበሩ፤ በውሃው ፊት ላይ ደግሞ ከጭቃው የተነሳ ቀጭን የቀለም ክር፣ ሐምራዊና ወርቅማ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። ትሪውን ወደ አንድ በኩል ሳዘነብለው ክሩ ተዘረጋ፤ ስመልሰው ተሰበሰበ። ወንዙ ከመታጠፊያው ወዲያ የት እንደሚሄድ ያን ቀን አወቅሁ።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ጭጋጉ ገና ከድልድዩ ሥር አልተነሳም። አባቴ ባልዲውን ሲያነሳ አጠገቡ ቆሜ «አባ፣ ዛሬ ግቢ ውስጥ ብናጥበውስ?» አልኩት።

«በምን ውሃ? ቦኖው እንኳን ለመኪና ለእናትሽም አልበቃት።»

እውነቱን ነበር። ቧንቧው አንድ ቀን መጥቶ ብዙ ቀን ይጠፋ ነበር፤ እናቴ ጀሪካን ደርድራ ወረፋ ስትጠብቅ ትውላለች። ምንጣፉን ወስጄ ሳሙናው ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ ከዳር፣ ከጠጠሩ ላይ፣ ውሃው በማይደርስበት ቦታ ላጥበው ሞከርኩ። አባቴ አየኝ። ራሴን እያመመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። መንዙማውን ቀጠለ፤ ቀለሙም እንደ ልማዱ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ሄደ። ውብ መሆኑን አላቋረጠም ነበር። ያ ነው ያስቸገረኝ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ክበባችን በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋ። ሦስት ነጭ ሳህኖች አስቀመጥን፤ ከላይ የመጣው ውሃ፣ ከድልድዩ አጠገብ የመጣው፣ ከበርበሬው ማሳ የመጣው። መምህራችን ቀደም ባለው ቀን ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል።

«ሦስተኛውን ሳህን ሌላ ተማሪ ያስረዳው?» አለኝ።

«እኔ ላስረዳ ቲቸር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን አባቴ ነገሩን ከሌላ ሰው ልጅ አፍ ቢሰማው የባሰ ይከፋዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ቀኑ እሁድ ዋለ። አባቴ መኪናውን ሳያጥብ፣ ለኢድ የሚለብሰውን ጃኬት ለብሶ ከእናቴ ጋር መጣ። ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ሳየው ቁመቱ ከሌላው ጊዜ አጠር ያለ መሰለኝ፤ ከመኪናው ወርዶ በሰው መሃል ቆሞ ብዙ አይቼው ስለማላውቅ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳህን ሳሳይ ሁሉም ወደፊት ተጠጋ። የሦስት ጭራዎቹ ላባዎች ይርገበገቡ ነበር። እናቶች «ሱብሃነላህ!» አሉ፤ አንዷ ሕፃኗን ዝቅ አድርጋ አሳየችው። ሁለተኛውን አሳየሁ። ሦስተኛውን ወደ ፊት ሳብኩት።

ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው አዩ። «እዚህኛው ላይ ባለ ጭራዎቹ የት ሄዱ?»

«የሉም፣ አባባ።»

«ምን አገኛቸው?»

«በላይኛውና በታችኛው መሃል መኪና የሚታጠብበት ቦታ አለ። ናፍጣው፣ የተቃጠለው ዘይትና ሳሙናው ወደ ታች ይወርዳል። እነሱ ደግሞ የሚተነፍሱት ውሃው ውስጥ ነው።»

«ማነው የሚያጥበው?» አሉ ሽማግሌው። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ነበሩና ከልባቸው ነው የጠየቁት። የቀረው ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚሰማኝ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ድምፅ ብቻ ነበር።

«እኛ ነን» አለ የአባቴ ድምፅ ከኋላ። «ሾፌሮቹ። እኔም አለሁበት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ የሚያየው ሳህኑን ነበር። ሰዎቹ ቦታ ለቀቁለት፤ መጥቶ ጎንበስ አለና ሦስተኛውን አየ፣ ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያውን። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ወደ እናቴ ተመለሰ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ በመሃላችን ነበረች። ስለ ዘመዶች፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራች። በራችን ጋ ስንደርስ አባቴ ቁልፉን እየፈለገ «ያ ጎኑ ላይ ላባ ያለው ነገር፣ ሁልጊዜ እዚያ ነበር?» አለኝ።

«ከላይ በኩል አለ፣ አባ።»

«ስንት ዓመት እዚያ ውሃ ውስጥ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ አላየሁም።»

ተቆጥቷል ወይስ አልተቆጣም ለማወቅ ፊቱን አየሁ። በሩን ከፍቶ ገባ።

በሚቀጥለው እሁድ አልቀሰቀሰኝም። ስነቃ ፀሐዩ መስኮቱ ላይ ደርሷል፤ መኪናው ግቢ ውስጥ የለም። የጎማው ምልክት ብቻ ነበር የቀረው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ድልድዩ ሥር ያለውን ውሃ፣ ባልዲውን፣ ብቻውን የሚያንጎራጉረውን አባቴን አሰብኩ። ከፍቶት ትቶኝ ሄደ አልኩ። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ወደ ደጅ ወጣሁ። መኪናው አልታጠበም። እንዲያውም ጎማዎቹ እስከ ላይ ጭቃ ነበሩ። አባቴ ሰላም ብሎኝ ገብቶ ተኛ።

ሰኞም በዚያው አቧራው ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ፣ ከዚያም ሌላውን ሳምንት። የመኪናው ነጭ ቀለም ቡናማ ሆነ። አንድ ተሳፋሪ በጣቱ የኋላው መስታወት ላይ «እጠበኝ» ብሎ ጻፈበት፤ አባቴም ሳይጠርገው ያንን ጽሑፍ ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። እናቴ ደንግጣ ባለቤቱ ቢያይ ምን እንደሚል ስትጠይቀው «አይቷል» ብቻ አላት።

ያን እሁድ የት እንደዋለ የነገሩን የበርበሬዋ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ትሪያችንን ይዘን ስንሄድ ማሳቸው ዳር ቆመው ጠበቁን።

«አንድ ሾፌር መጥቶ ነበር» አሉ። «ትልቅ መኪና መንገድ ላይ አቁሞ ወረደ። አሰላሙ አለይኩም አለኝ። ጫማውን አውልቆ ገባና ውሃው መሃል ቆመ። ዕቃ ጠፍቶበት መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ከዚያ ስለ ጥጃዬ ጠየቀኝ፤ ማን እንደነገረው እንጃ። ሲሄድ መኪናው ጭቃ ያዘውና ልጆቼ ገፉለት።»

እኔ ለእናቴ ነግሬያት ነበር ስለ ጥጃዋ። እናቴ ነግራዋለች ማለት ነው። ድንጋይ ሳልገለብጥ ብዙ ቆየሁ። የበርበሬው ቅጠል ንፋስ ሲያገኘው ያብረቀርቅ ነበር፤ ውሃው እግሬን አልፎ እየሄደ እኔ ወደ ላይ የምንሳፈፍ ይመስለኝ ጀመር። ጓደኛዬ ክንዴን እስክትይዘኝ ድረስ።

መናኸሪያ ውስጥ የሆነውን ደግሞ የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ከአባቷ ሱቅ ሆና አይታዋለች። ሾፌሮቹ አባቴን ከበውት ነበር። አንዱ «ልጅህ እንጀራችንን ልትዘጋ ነው እንዴ? ቀበሌው ሰምቶ ሊከለክለን ነው አሉ» ብሎ ጮኸበት። ሌላው የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው እያለ ሳቀ። አባቴ መሪው ላይ ተደግፎ ሲሰማቸው ቆየና ወረደ።

«ልጄ የተናገረችው እኔን ነው» አላቸው። «እናንተን አይደለም። እኔ ደግሞ ሄጄ አይቼዋለሁ። ማየት የሚፈልግ ካለ እሁድ ወደ እንሴኖ በነፃ እጭነዋለሁ።»

ጥቂቶች ሄዱ። ከሄዱት መካከል የጮኸው አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። ስብሰባ ነበር፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ሌላ ስብሰባ ነበር፤ የቀበሌው ሰዎች ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረጉ፤ አንዳንድ ባጃጆች በምሽት ተደብቀው ድልድዩ ሥር ይገቡ ነበር። በመጨረሻ ከወንዙ ራቅ ያለ አንድ ጠጠራማ ሜዳ ተሰጠ። ሾፌሮቹ፣ ተማሪዎቹና የማሳ ባለቤቶች ተሰብስበን ከላይ ቀጭን ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደዚያ አመጣነው። የታጠበበት ውሃ የሚገባበት ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይ፣ በአሸዋና በከሰል ተሞላ። ለተቃጠለ ዘይት ግማሽ በርሜል ቆመ። የበርበሬዋ ሴት ከልጆቻቸው ጋር መጥተው አሸዋ ሲሸከሙ ዋሉ። የጓደኛዬ አባት አካፋዎች አዋሰ፤ በኋላ ሁለቱ አልተመለሱልኝም እያለ ብዙ ጊዜ አማረረ።

የታችኛው ውሃ ወዲያው አልተለወጠም። ክረምቱ መጣ፤ ወንዙ ደፍርሶ ሞልቶ ሁሉንም ጠርጎ ሄደ። መስከረም ላይ ውሃው ሲጠራ ወርደን ድንጋይ ገለበጥን፤ ቀይ ትል ነበር። ጥቅምት ላይም እሱው። ኅዳር ላይ ጓደኛዬ አንዲት በጣም ትንሽ ሦስት ጭራ አገኘች፤ ጩኸቷ ማሳው ድረስ ተሰማ። እየሮጡ የመጡት ሴትዮ «ነፍሷ ተገኘች?» አሉ።

እኔ ደግሞ እሁዴን አጣሁ። አዲሱ ማጠቢያ ቦታ ላይ የሚያጥቡ ወጣቶች ተደራጁ፤ አባቴ መኪናውን ሰጥቷቸው ሻይ ቤት ይቀመጣል። ረዳት አያስፈልገውም። እሁድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ የሞተሩ ሙቀት ከእግሬ ሥር ያለ ይመስለኛል፤ እጄን ወደዚያ ስሰድ የማገኘው ብርድ ልብስ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። የሚያሳዝን ነገር አልነበረማ፤ ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን አንዳንድ እሁድ ብቻዬን ድልድዩ ላይ ወጥቼ ወደ ታች አይ ነበር። ባዶው ጠጠር ላይ ውሃው በጥራት ያልፋል። አንድም ቀለም የለበትም።

በሚቀጥለው ዓመት መምህራችን ወደ ሀገሩ ተዛወረ። ወልቂጤ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ እዚያም ክበብ ማቋቋሙን፣ ልጆቹ ግን ድንጋይ ገልብጦ ዝም ብሎ መጠበቅ እንዳልሆነላቸው በስልክ ነገረን። «እናንተ መጥታችሁ ብታሳዩአቸው» አለ። ማን እንደሚወስደን ስንመካከር አባቴ ከደጅ ሰምቶ «እሁድ እኔ ሥራ የለኝም» አለ።

ተራራውን በሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ ወጣን። ከኋላ ተማሪዎቹ መዝፈን ጀምረው ብርዱ ሲመጣ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እኔ ከሾፌሩ ጎን ነበርኩ። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ የመኪናው መብራት ጥቂት ክንድ ርቆ ነጭ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ገብስ ይሁን ሣር ያልለየሁት ነገር ከግራና ከቀኝ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ዓይኔን እከድናለሁ፣ እገልጣለሁ፤ ሁለቱም አንድ ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ከፊት ጭስ ወጣና መኪናው ቆመ።

«ራዲያተሩ ውሃ ጨርሷል» አለ አባቴ።

ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። ከመንገዱ ዳር፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ የውሃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጥቂት ሄዶ ተመለሰና በሬን ከፈተው።

«ነይ እስቲ። ከዚህኛው መቅዳት ይቻላል?»

«ለመኪና እኮ ነው አባ፣ ምን ችግር አለው?»

«ነይና እዪው።»

ተከተልኩት። ከእግር መዳፍ ብዙ የማይሰፋ ምንጭ ነበር፤ በሣር መሃል ይሄዳል። ውሃው እጅ ያደነዝዛል። አንድ ድንጋይ አነሳሁና ገለበጥኩት፤ ትሪ አልያዝኩም፣ አባቴ መዳፎቹን አጋጥሞ ዘረጋ። እዚያ ላይ አለቀለቅኩት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። በመዳፉ ውስጥ ያለው አሸዋ ቀስ ብሎ ረጋ። ከዚያ በእኛ ወንዝ አይቼው የማላውቅ ነገር ከአውራ ጣቱ ሥር ወጣ፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ጭራው ሁለት ብቻ፣ ጣቱን በስድስት እግሩ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። አባቴ እጁን ቢያነቃንቀው አልለቅም አለ።

«ይሄ ማነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አላውቀውም። ስም የለውም።»

አባቴ ጥቂት አሰበ። «ተሳፋሪ ነው» አለ። «ዓርብ ዕለት በር ላይ የሚንጠለጠሉት እንዲህ ናቸው፤ ሂሳብ እስክትቀበል አይለቁም።»

ሳቅን። ከጭጋጉ ውስጥ ጓደኛዬ ምን እንደሚያስቅ ጠየቀች። አባቴ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ ታግሶ ጠበቀ፤ ከዚያ ከታች በኩል ጀሪካኑን ሞላ።

ጭጋጉ ከአፋፉ ማዶ እየሳሳ ሄደ። ወልቂጤ ስንደርስ መምህራችን ከተማሪዎቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ትሪ የያዘ አለ፣ ወንፊት የያዘ አለ። አባቴን ሲያይ ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። አብረን ወደ ወንዛቸው ወረድን። አባቴ መኪናው ውስጥ ይቀራል ብዬ ነበር፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ትሪዎቹን ተሸክሞ ከፊት ቀደመን።

የእነሱ ልጆች ሦስት ጭራን ቀድመው አውቀዋታል። ግን ሙሽራ ነበር የሚሏት፤ ጭራዋ ከኋላ የሚጎተት ቬሎ ይመስላል አሉ። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ስሟ ሦስት ጭራ ነው፣ መጀመሪያ ያወጣነው እኛ ነን አለች። አንዲት የወልቂጤ ልጅ ደግሞ ወንዙ የማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ክርክሩ ሞቀ። መምህራችን ሁለቱም ስም ይያዝ ቢል የሚሰማው አጣ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ድንጋይ ላይ ወደተቀመጠው አባቴ ሄደው ይፍረዱልን አሉት። እሱ እግሩን ውሃ ውስጥ እንዳደረገ አንዱን ወገን ሰማ፣ ሌላውን ሰማ፣ ምስክር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ፍርዱን ግን ከምሳ በኋላ አለ። ልጆቹ እየተከራከሩ ወደ ጥልቁ ገቡ። ከዛፎቹ ሥር የሚመጣው ብርሃን ትሪዎቹ ላይ እየወደቀ፣ ሁሉም ጎንብሰው፣ ሁሉም ውሃው እስኪረጋ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር።